ለአደራ ጠመንጃ የተመረጡ መፍቻዎች

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመዴ ለሸዋዓለም፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የእንጀራ ይሁንልሽ። እንዴት ከረምሽ? እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ደኅና ነኝ። እሱም ቢሆን ክፉ ወሬ ስለማያሰማኝ ብዙ አላማውም።

ደብዳቤ ከእኔ ሲደርስሽ ትደነግጪ ይሆናል። እኔና አንቺ የምንገናኘው በሠርግና በለቅሶ ብቻ ነው። አያትሽና እናቴ የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን እንኳ ቆጥረን የደረስንበት ባለፈው ዓመት በሰርካለም ሠርግ ላይ ነው። ያን ቀን ሌላው ሰው ሁሉ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ አንቺ ናፕኪን ላይ እየጻፍሽ አጫወትሽኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የዕቃ መደብር ውስጥ የመፍቻና የመዶሻው ክፍል ያንቺ መሆኑንም ያኔ ነው የነገርሽኝ። የምጽፍልሽም ስለዚህ ነው። ስልክ አልሰማም፤ ቴክስት እንዳላደርግ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ፊደል ስነካ ሌላው ይመጣል። ብዕር ግን እስካሁን ይታዘዘኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃኔ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሃያ ዓመት አብረን ታክሲ ነዳን። አንድ ቅንጦት ብቻ ነበረው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከፈረንጅ ወዳጆቹ ጋር ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች ሄዶ አጋዘን ያድናል። ልጁን ዕድላዊትን ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ይዟት ይሄድ ነበር። የዛሬ ሰባት ዓመት ሲታመም ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ሚስቱ፣ “አንተ ከሌለህ ጠመንጃ ያለበት ቤት አላድርም” ብላው ነበርና። “ዕድላዊት ራሷን ስትችል ስጥልኝ፤ እስከዚያ አደራ” አለኝ። በወሩ ቀበርነው።

ከነሣጥኑ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት፣ አስቀመጥኩት። አደራ አይነካም ብዬ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁትም። ዘይት ልቀባው ሲገባኝ አልቀባሁትም። ባለፈው ሐምሌ ቤዝመንቱ ውኃ ገባው። ውኃውን ስቀዳ ሰነበትኩና ሣጥኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። እንጨቱና ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው መዝጊያ በሰም ጨርቅ ስለተጠቀለሉ ተርፈዋል። አፈሙዙን ግን፣ ረጅሙን ቱቦ ማለቴ ነው፣ ዝገት ከውስጥ በልቶታል። በመብራት ሳየው ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል።

አሁን ዕድላዊት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በኅዳር፣ በታንክስጊቪንግ በዓል ሳምንት፣ የአባቷ ወዳጆች አደን ጠርተዋት በጥቅምት ጠመንጃውን ልትወስድ ትመጣለች። እኔም ለዚያው ዓይነት ጠመንጃ የተሠራ አዲስ አፈሙዝ አስመጥቻለሁ። የቀረው አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር ነው። ሃምሳ አለቃ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ጠመንጃ ቤት ስለኖርኩ ሥራውን አውቀዋለሁ። መሣሪያ ግን የለኝም። ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ምን ዓይነት ሞርሳ፣ የሚያዞረው ምን ዓይነት መፍቻ ይሻላል? አንቺ የመረጥሽውን እገዛለሁ።

ልጅቷ እንዳትሰማ። ለማንም እንዳትነግሪ።

እግዜር የልፋትሽን አያስቀርብሽ።

ወልደአምላክ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ወልደአምላክ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራም ደኅና ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔን አስታውሰው ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል፤ ሰው ብዙ ጊዜ አያስታውሰኝም።

ስለ ጠመንጃ የማውቀው የለም። ስለ መፍቻም ቢሆን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ከመሣሪያው ካርቶን ጋር የሚመጣውን የአጠቃቀም ወረቀት ሰው ይጥለዋል፤ እኔ እሰበስበዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ላይ እሱን ሳነብ ኖርኩ። መጀመሪያ ሥዕሉን አየሁ፣ ቀጥሎ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ፈለግሁ።

ከዚያ የለቀምኩትን ልንገርዎ። ክብና ለስላሳ ነገር በሜዳማ ጥርስ ሞርሳ አይያዝም። ይሾልካል። ሲሾልክ ሰው ያጠብቀዋል፤ ሲያጠብቀው ደግሞ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ መሐሉ በአፈሙዙ ልክ የተቦረቦረ፣ ሁለት እንጨት ያለው ማሰሪያ ያስፈልጋል። አፈሙዙ የሚገባበትን የጠመንጃውን ገላ የሚያዞረው መፍቻ ደግሞ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ መሆን አለበት። አንድ ጎኑን ብቻ ከነከሰ ያጣምመዋል። የቧንቧ መፍቻ እንዳያስቡ፤ ብዙ ሰው በእሱ አበላሽቶ መጥቶ እኔ ጋ ይነጫነጫል። መፍቻው እንደ ጠመንጃው ዓይነት ይለያያል አሉ፤ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር ገልብጠው ይላኩልኝ።

አብራኝ የምትሠራውን ቲናን ባሏ አዳኝ ስለሆነ ጠየቅኋት። ለማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። “አንቺ? ጠመንጃ?” አለች። “አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ተቆጥተሽ አታውቂም፤ አሁን ገባኝ፣ አጠራቅመሽ ነው!” ብላ የዕረፍት ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እንዳይቀየሙኝ። ጠመንጃ የሚጠግኑ ሰዎች እዚያው ቨርጂኒያ አሉ ይባላል። ለእነሱ ቢሰጥስ? ዕድላዊትስ ውኃ መግባቱን ብትሰማ ምን ትላለች?

አክባሪዎ ሸዋዓለም


አሌክሳንድሪያ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋዓለም፣

በሥራ ቦታሽ ሞገስ ይስጥሽ። አለቃሽ ይፍራሽ።

“ለእነሱ ቢሰጥስ” የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ከፋኝ። ልጄ፣ ጠጋኙ እኮ እኔ ነኝ! የሻለቃው ሰው ሁሉ ጠመንጃው ሲያስቸግረው፣ “ወልደአምላክ ጋ ውሰደው” ነበር የሚለው። አንቺ ደግሞ በዚህ ሽበቴ ለአንድ ጢማም ፈረንጅ ልታስረክቢኝ ነው? እሱ መጥቶ እኔን ይጠይቅ።

ዕድላዊት ምን ትላለች ብለሽ ጠየቅሽ። ምንም አትልም፤ አትሰማም እኮ። ሸዋዬ፣ እኔ ልጅ የለኝም። ይህች ልጅ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ አባቷ ሲያመጣት እኔ መኪና ውስጥ ነበር የምትተኛው። አባቷ ከሞተ በኋላ የኮሌጅ ፎርሟን ይዛ የመጣችው እኔ ጋ ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀላታል፣ ግን አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ፈልጋ ነው። አንድ ቀን፣ “ጋሼ፣ አባዬ ምን ያህል ቢያምንህ ነው” አለችኝ። ይህን ከተናገረች ልጅ ፊት ዝገት ይዤ ልቁም? አልችልም። አደራዬን ንጹሕ አድርጌ ነው የማስረክባት።

በጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጬ በሌላ ወረቀት አድርጌዋለሁ። ፍጠኚልኝ፤ ቀኑ እየሄደ ነው።

ወልደአምላክ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ወልደአምላክ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለዘገየሁበት ይቅርታ። መፍቻው በእኛ መደብር ስለማይገኝ ከሌላ ቦታ አዘዝኩ። መጀመሪያ የመጣው ስሙ ያው ሆኖ ለሌላ ዓመት ሥሪት ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩን ባላነብ አሳልፌው ነበር። መልሼ ሌላ አስመጣሁ።

አሁን ሁሉም በዚህ ካርቶን ውስጥ አለ። የእንጨት ማሰሪያው በአራት ወፍራም ብሎን ይጠብቃል፤ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ይሁን። እንጨቱና አፈሙዙ መካከል የሚነሰነስ ዱቄት ነገር በብልቃጥ አለ፣ እንዳይሾልክ ነው። ትንሿ ቆርቆሮ ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ናት። መጋጠሚያው ላይ ጠብ ያድርጉና ሁለት ቀን ይተዉት፤ በአንድ ሰዓት አይቸኩሉ። መፍቻውን በመዶሻ አይምቱት። እጀታውን ረጅም የመረጥኩት ቀስ ብሎ መጫን እንዲበቃ ብዬ ነው፤ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ስለጻፉልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ለአንጥረኛ የእሳት አያያዝ አይነገርም። ከመፍቻው ጋር የመጣውን ወረቀት ግን አልጣልኩትም፤ ካርቶኑ ውስጥ ከታች ያገኙታል።

ሥራው ይቅናዎት።

አክባሪዎ ሸዋዓለም


አሌክሳንድሪያ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋዓለም፣ ለእጀ ብሩኳ፣

የነካሽው ሁሉ ይለምልም። አለቀ! እልል በይ።

ማሰሪያውን የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ካለው ወፍራም ጠረጴዛ ጋር በብሎን አሰርኩት። ዘይቱን እንዳልሽው ሁለት ቀን አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን መፍቻውን አስገብቼ ተጫንኩ። ንቅንቅ የለም። ሰውነቴን ሁሉ ጣልኩበት። የለም። “ብርሃኔ፣ ልቀቅ እንግዲህ” ብዬ ተቆጣሁት። ያኔ ቋ አለ! በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ መዳፌ ነው የሰማው። ትንሽ ቆይቶ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ወረቀት ይዞ መጣ። “ቤቱን እያፈረስክ ነው?” ይላል። “ቧንቧ ነው” አልኩት። ጠመንጃው በፎጣ ተሸፍኗል። “ቧንቧው ምን አደረገህ፣ ትሰድበው ነበር እኮ” ብሎ ጻፈልኝ።

አዲሱን በእጄ አስገብቼ በመፍቻው አጠበቅሁት። ባዶ ቀለሃ ከትቼ መዝጊያውን ስዘጋው እንደ ቅቤ ገባ። ከዚህ በላይ ምን ልክ አለ? ውስጡን በመብራት ብታዪው መስታወት ነው።

አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለቆሻሻ መኪና አወጣሁት፤ ማክሰኞ ጠዋት ይዞት ሄደ። ምስክር ጠፋ ማለት ነው። ዕድላዊት የፊታችን እሑድ ትመጣለች። ስታገኚኝ የሚገባሽን ምሳ እጋብዝሻለሁ።

ወልደአምላክ


አሌክሳንድሪያ፣ ከቤትዎ ደጃፍ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ወልደአምላክ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝና ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ። ደወሉን ተጫንኩ፣ በሩን መታሁ፣ መስኮቱን አንኳኳሁ። ውስጥ መብራት በርቷል። እንደማይሰሙኝ እያወቅሁ ነው የማንኳኳው። ይህን በበሩ ሥር አስገባዋለሁ።

የሰረዝኩት ነገር ይህ ነው። አዲስ አፈሙዝ ከታሰረ በኋላ በሁለት ትናንሽ የብረት መለኪያዎች መለካት አለበት። አንደኛው “ይለፍ”፣ ሁለተኛው “አይለፍ” ይባላል። “ይለፍ” ገብቶ መዝጊያው መዘጋት አለበት፤ “አይለፍ” ሲገባ ግን መዝጊያው መዘጋት የለበትም። ከተዘጋ ጥይቱ የሚተኛበት ቦታ ረዝሟል ማለት ነውና ሲተኮስ ቀለሃው ፈንድቶ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ባዶ ቀለሃ መግባቱ ምንም አይነግርም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። አይተውታል? መለኪያ አለዎት? ካለዎትና ከለኩ ይቅር ይበሉኝ፤ በከንቱ ነው የረበሽኩዎ።

ካልለኩ ግን ዕድላዊት እንዳትተኩስ። የስልክ ቁጥሯን ይላኩልኝ፤ ከማንም አላገኘሁትም። እባክዎ ዛሬውኑ።

ሸዋዓለም


አሌክሳንድሪያ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋዓለም፣ ያለ ሰላምታ መጀመሬን ይቅር በይኝ።

ወረቀትሽን ረቡዕ ጠዋት ከበሩ ሥር አነሳሁት። ልጅቷ እሑድ ወስዳው ነበር። ከረቡዕ እስከ ዛሬ አራት ቀን ነው። አራት ቀን ሙሉ ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እፈታዋለሁ። ሄጄ ምን እላታለሁ? አደኑ ገና ነው፣ ጊዜ አለ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ በፊት ለልምምድ ልትተኩስ እንደምትችል እያወቅሁ።

መለኪያ የለኝም። የካርቶኑን ወረቀት አይቼዋለሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ሥዕሉን ግን አየሁ፣ ሁለት ድብልብል ብረቶች። ምን እንደሆኑ አላወቅሁም፤ አንቺን መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። በእናትሽ አፈር፣ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እኔ ጠጋኝ አልነበርኩም። የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጠመንጃ ሲመጣ እመዘግባለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ፣ ሲወጣ አስፈርማለሁ። ጠጋኙ በፍቃዱ የሚባል ልጅ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ፋኖስ እይዝለት ነበር። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን “በፍቃዱ ጋ ውሰደው” ነበር የሚለው። እሱ ከጦርነቱ አልተመለሰም። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ለብርሃኔም ለሌላውም ስተርክ እኔ በፍቃዱ ሆኜ ቀረሁ። ብርሃኔም ጠመንጃውን ለእኔ ያስቀመጠው ይህን አምኖ ነው። “አንተ ታውቅበታለህ” ነው ያለኝ።

ቁጥሯን ከታች ጽፌዋለሁ። ቶሎ ደውዪላት። እንዳትተኩስ ንገሪያት። መለካት ይቀረዋል፣ ጋሼ ረስቶት ነው በያት። ውኃውንና ዝገቱን ግን አትንገሪያት። ሌላ ምንም አልለምንሽም፤ ይህን አንዱን ብቻ።

ወልደአምላክ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ወልደአምላክ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ልጅቷ ደኅና ናት፤ ምንም አልደረሰባትም። ይህን አስቀድሜያለሁ።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። “እባክሽ በጠመንጃው እንዳትተኩሺ” አልኳት።

“አልተኮስኩም” አለችኝ። “አልተኩስበትምም። የአባዬ አይደለማ።”

ቅዳሜ አናንዴል ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ጠመንጃው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። መዝጊያውን አወጣችና ቱቦውን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ “እይ” አለችኝ። እኔ ብርሃን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። “ገባሽ? ኒው ነው” አለች። አባቷ ጠመንጃ ማጽዳት ያስተማራት እንዲህ እያሳያት ነበር። አሮጌው አፈሙዝ አፉ አጠገብ ውስጡ ላይ ጥቁር ቀለበት ነበረበት፤ አንድ ክረምት ሳይጠርገው አስቀምጦት የዛገው ነው። “ይህ የእኔ ስንፍና ነው፤ አንቺ የራስሽን እንዳትጨምሪበት” ይላት ነበር። እርስዎ ሰጥተዋት ቤቷ እንደገባች መጀመሪያ የፈለገችው እሱን ቀለበት ነው።

“ምን መሰለሽ?” አልኳት።

“ምን ይመስለኛል? ጋሼ ጥሩውን ሸጦ ርካሽ ገጠመበት ብዬ ነዋ!”

“ለምን አልጠየቅሽውም?”

“ኮል እንዳላደርግ አይሰማም። ሄጄስ ምን ልበለው? የአባቴን ዕቃ ሸጥከው ወይ ልበለው? እሱ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቴን ዴይስ ጠበቅሁ።” ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። “በቀብሩ ቀን እጄን ይዞ የቆመው እሱ ነው እኮ” አለች።

ጋሽ ወልደአምላክ፣ የለመኑኝን መፈጸም አልቻልኩም። ዝገቱን ብደብቅልዎ እሷ ዘንድ ሌባ ሆነው ሊቀሩ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፦ አደራ አይነካም ብለው አለመክፈትዎን፣ ውኃውን፣ መፍቻዎቹን የመረጥኩት እኔ መሆኔን። የግምጃ ቤቱን ነገር አልነገርኳትም፤ እሱ የእርስዎ ነው። ስጨርስ አሮጌው አፈሙዝ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

ጠመንጃውን በዚያው ቀን ስፕሪንግፊልድ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድነው። “ይለፍ” የሚባለውን አስገባ፤ መዝጊያው ተዘጋ። “አይለፍ” የሚባለውን አስገባ። እሱም ላይ ተዘጋ። ሰውዬው ሁለታችንንም በየተራ አየን።

“ይህን የሠራው ማን ነው?” አለ።

“መፍቻውን የመረጥኩት እኔ ነኝ” አልኩት።

“መፍቻው ምንም አላደረገም። ሥራው እዚህ ነው የቀረው” ብሎ መለኪያዋን አሳየኝ። ይህን ይዛ ብትተኩስ ኖሮ መጀመሪያውም ይሁን አሥረኛው ጥይት ይፈነዳባት እንደነበር ነገራት። ዕድላዊት መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች። እርስዎን ስለጠረጠረች ነው የተረፈችው። ይህን ሁለታችንም አውቀናል። ሰውዬው አስተካክሎ እንደሚሰጣት ነግሯት እዚያው ትታው መጣች።

እኔም የራሴን ልናገር። የሰረዝኩት አንዲት መስመር ነበረች። ያን ቀን አክብሬዎ የሰረዝኳት መስሎኝ ነበር። እውነቱ ግን “ይህች ደግሞ ማን ሆና ነው” እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ከጥራጊ ወረቀት የተማረ ሰው ያወቀውን ነገር እንኳ ጮክ ብሎ አይናገርም፤ የተሰረቀ ይመስለዋል። በዚህ ፍርሃቴ የሰው ልጅ ዓይን ሊጠፋ ነበር። አሁን ሥራ ቦታ ሰው መፍቻ ሊገዛ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። ቲና፣ “ምን ነካሽ?” ትለኛለች።

ዕድላዊት እሑድ ኅዳር 8 እርስዎ ጋ ትመጣለች። ከእርስዎ አፍ መስማት ትፈልጋለች።

ይቅርታዎን የምለምን፣ ሸዋዓለም


አሌክሳንድሪያ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋዓለም፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። አንቺን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ያልኩሽን ሳትሰሚ በመቅረትሽ ሰው ሆኜ እሞታለሁ እንጂ ሌባ ሆኜ አልሞትም።

እሑድ መጣች። ወረቀትና ብዕር ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅኋት፤ እኔ በአፌ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፍልኛለች። የውኃውን ነገር ከራሴ አፍ ነገርኳት። ከሐምሌ ጀምሮ ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ያልጠየቀችኝንም፣ የግምጃ ቤቱን ነገርኳት። በፍቃዱ የሚባል ሰው እንደነበረ፣ እኔ ፋኖስ ያዥ እንደነበርኩ። ይህን ስትሰማ ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። “አባዬ ያውቅ ነበር?” ብላ ጻፈች። አያውቅም አልኳት። እሱን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቆይታ ደግሞ ጻፈች። አማርኛ ፊደሏ የልጅ ነው፤ ትልልቅና የተለያየ። “ዝገቱን ብታሳየኝ አብረን እንጠርገው ነበር” ይላል። እሷ ዝገት ፈልጋ ነው የመጣችው፤ እኔ ዝገቱን ጥዬ መስታወት ሰጠኋት። የአባቷን ስንፍና ከእኔ ስንፍና ጋር ጠቅልዬ ለቆሻሻ መኪና አስረክቤያለሁ። የቆሻሻው መኪና ወዴት እንደሚወስደው ጠየቀችኝ። ስልክ ደውሎ እንዲያጣራልኝ ሰኞ ጎረቤቴን ለመንኩት። ተቃጥሎ ብረቱ ተለይቶ ይሸጣል አሉት። አልነገርኳትም ገና። እነግራታለሁ፤ ከእንግዲህ የምደብቃት ነገር አይኖርም፣ ምንም እንኳ አሁን የምትጠይቀኝ ነገር ብዙ ባይሆን።

ባለፈው ዓመት፣ “አደን ስሄድ አንተም ትመጣለህ፤ እሳት ትጠብቅልናለህ” ብላኝ ነበር። እሑድ አላነሳችውም። እኔም አላስታወስኳትም። ጠመንጃው ተስተካክሎላታል፤ ከአባቷ ወዳጆች ጋር ትሄዳለች። መሄዷን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ይህን ስጽፍ እውነቴን ነው።

ይህች ልጅ ስትመጣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገብታ አንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር፤ መነጽሬ እስኪወድቅ። እሑድ ስትሄድ ደጃፉ ላይ ቆመች። ራሴን ዝቅ አድርጌ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የማያውቁትን ሽማግሌ እንደሚስሙት፣ በጨዋ ደንብ፣ በእጇ ሳትነካኝ።

ወልደአምላክ